ይሄ አይሸጥም
ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሐዋሳ ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አባባ ጋ ቆምኩ። ከክምሩ ሥር የኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ) የድሮ መግለጫ አገኘሁ። የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ቡኒ አድርጎታል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ትዝ አሉኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢሰመጉን መሠረቱ። የተገደለው፣ የታሰረው፣ የገባበት የጠፋው ሰው ስሙ ተመዝግቦ ወጣ። ቆይተው ፖለቲካ ገቡ። ከምርጫ 97 በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ! የተፈቱት በ1999 ነው። «ፖለቲካው ምን አደረገላቸው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያው መንገድ ነው የቀጠሉት እላለሁ።

ዋጋውን ጠየቅኩ።

«ይሄ አይሸጥም ልጄ፤ የወንድሜ ስም አለበት» አሉኝ አባባ። ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ።