ነጥብና ኮከብ፦ ለኮዲንግ ኢንተርቪው ፓተርን ማቸር እንዴት እንደጻፍኩ

ጥያቄው በኮዲንግ ኢንተርቪው ደጋግሞ ይመጣል፤ ሊትኮድ በሚባለው የኮዲንግ ጥያቄዎች መለማመጃ ድረገጽ ላይ ቁጥር 10 ነው። አንድ ጽሑፍና አንድ ፓተርን (ጽሑፉ ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጽ የፊደልና የምልክት ድርድር) ይሰጥሃል። ነጥብ (.) ማንኛውንም አንድ ፊደል ትተካለች። ኮከብ (*) ደግሞ ከእሷ በፊት ያለው ፊደል ዜሮ ጊዜም ሆነ የፈለገውን ያህል ሊደጋገም ይችላል ማለት ናት። ፓተርኑ ጽሑፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሸፈን አለበት፤ መልሱ እውነት ወይም ሐሰት ነው።

ኮድ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። አንደኛው የኮከቧ ትርጉም ነው። ተርሚናል ላይ የፋይል ስም ስንፈልግ ኮከብ ብቻዋን ቆማ ማንኛውንም ነገር ትተካለች፤ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሊትኮድ ላይ ቁጥር 44። እዚህ ግን ከፊደሏ አትነጠልም፤ «ላ*» ሁለት ምልክት ሆኖ ቢጻፍም የሚነበበው እንደ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ፓተርኑ በኮከብ ሊጀምር ይችላል ወይ የሚለው ነው። አይችልም ከተባልኩ ያንን መፈተሽ ቀረልኝ።

መጀመሪያ ለእጅ የሚቀርበው ሉፕ ነው፦ ኮከብ ስትመጣ የሚመሳሰለውን ፊደል ሁሉ እየበሉ ሄዶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ። ይህን «ላላላ» በሚል ጽሑፍና «ላ*ላ» በሚል ፓተርን ስሞክረው ወደቀ። ኮከቧ ሦስቱንም ላ ዋጠቻቸው፤ መጨረሻ ላይ ለቆመችው ላ የሚደርሳት አልቀረም። ትክክለኛው መልስ ግን እውነት ነው፤ ኮከቧ ሁለቱን ወስዳ አንዱን ብትተው ኖሮ ይገጥም ነበር። ስንት መውሰድ እንዳለባት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያዩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መቁጠሩን ተውኩትና በየእርምጃው ምርጫ አደረግኩት፦ ወይ «ላ*»ን እንዳለ ዘልዬ አልፋለሁ፣ ወይ ከጽሑፉ አንድ ላ ወስጄ እዚያው ኮከቧ ላይ እቆያለሁ። ከሁለቱ አንዱ ከተሳካ በቂ ነው።

ጽ በጽሑፉ፣ ፓ በፓተርኑ ላይ ያለሁበት ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ሲሆን፣ ሁለቱም ከ0 ይጀምራሉ፦

ይገጥማል(ጽ፣ ፓ)፦
ፓተርኑ ካለቀ፦ ጽሑፉም ማለቅ አለማለቁን መልስ
ፊተኛው = ጽሑፉ አላለቀም እና (ጽሑፍ[ጽ] = ፓተርን[ፓ] ወይም ፓተርን[ፓ] = «.»)
ፓ+1 ላይ ኮከብ ካለ፦ ይገጥማል(ጽ፣ ፓ+2) ወይም (ፊተኛው እና ይገጥማል(ጽ+1፣ ፓ)) መልስ
ካልሆነ፦ ፊተኛው እና ይገጥማል(ጽ+1፣ ፓ+1) መልስ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ማቆሚያው ላይ ነው። «ጽሑፉ ካለቀ ሐሰት መልስ» ብሎ መጀመር ትክክል ይመስላል፤ ባዶ ጽሑፍ ከ«ላ*ም*» ጋር ሲመጣ ግን ስህተቱ ይወጣል። ሁለቱም ኮከቦች ዜሮ ሊሆኑ ስለሚችሉ መልሱ እውነት ነው። ለዚህ ነው የማቆሚያው መስመር ፓተርኑ አለቀ ወይ ብሎ ብቻ የሚጠይቀው፤ የጽሑፉ ማለቅ «ፊተኛው» ውስጥ ገብቶ መውሰድን ይከለክላል እንጂ መዝለልን አይከለክልም። እዚያው መስመር ላይ «ጽሑፉ አላለቀም» የሚለው ከሌላው ሁሉ መቅደም አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኢንዴክሱ ከጽሑፉ ውጭ ያነባል። ፓ+1ንም ከማንበቤ በፊት ፓተርኑ እዚያ ድረስ መዝለቁን አያለሁ።

ፓይተን ላይ ኢንዴክስ ከማሳለፍ ይልቅ ስትሪንጉን እየቆረጡ መላክ ያምራል፤ ኮዱም ያጥራል። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ቅጂ ነው፤ በረጅም ጽሑፍ ላይ ጊዜውም ሜሞሪውም በቅጂ ያልቃል። ኢንዴክስ ይሻላል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሜሞም (አንዴ የተገኘን መልስ አስቀምጦ ደግሞ ለመጠቀም) ያስፈልጋል።

ይህ ኮድ ትክክል ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይታመንም። ጽሑፉ 20 ላ ይሁን፤ ፓተርኑ «ላ*» 10 ጊዜ ተደርድሮ መጨረሻው «ም»። ም በጽሑፉ ውስጥ የለችም፣ መልሱ ሐሰት ነው። ኮዱ ግን ይህን ለማወቅ 30,045,015 ጊዜ ም ላይ ይደርሳል፤ 20ዎቹን ላ፣ የተወሰኑትን ሳይወስዱ መተውንም ጨምሮ፣ ለ10 ኮከቦች ማደያ መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክራልና። የተለያዩት የጽ እና የፓ ጥንዶች ግን 21 ሲባዛ በ11፣ ማለትም 231 ብቻ ናቸው። ያው ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። የእያንዳንዱን ጥንድ መልስ ዲክሽነሪ ውስጥ ሳስቀምጥ ሥራው ወደ 231 ወረደ፤ የተጨመረው ኮድ ሁለት መስመር ነው። ኢንተርቪው ላይ ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ አስልቶ ማሳየት «ኤክስፖኔንሻል ነው» ብሎ ከማለፍ በጣም የተሻለ ይመስለኛል።

ሜሞው ጥልቀቱን አይቀንስም። የፓይተን የሪከርሽን (ኮዱ ራሱን መልሶ የሚጠራበት) ገደብ ሳይነካ 1000 ስለሆነ፣ 2000 ፊደል ያለው ጽሑፍ ከ«.*» ጋር ሲመጣ ፕሮግራሙ ይቆማል። እዚያ ላይ ሪከርሽኑን ወደ ሠንጠረዥ ቀየርኩት፦ ረድፉ የጽሑፉ ርዝመት ሲደመር 1፣ ዓምዱ የፓተርኑ ርዝመት ሲደመር 1፤ ከታች ቀኝ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ ይሞላል። አንዱ ረድፍ የሚያየው ራሱንና ከሱ በታች ያለውን ብቻ ስለሆነ ሁለት ረድፍ ይበቃል።

«ይህ በሥራ ላይ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ጠያቂ የማነሳው ምሳሌ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ነው። ጁላይ 20 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ድረገጹ 34 ደቂቃ ያህል ወርዶ ነበር። ምክንያቱ ከመስመር ዳር ክፍት ቦታ የሚቆርጥ ሬጌክስ (እዚህ እንዳየነው ያለ ፓተርን) ነው፤ አንድ ልጥፍ ውስጥ 20,000 ያህል ተከታታይ ክፍት ቦታ አጋጠመውና ከእያንዳንዱ እየተነሳ እስከ መጨረሻው ሄዶ ከሸፈ፤ ሲደመር ወደ 200 ሚሊዮን ፍተሻ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጽሑፉን አንዴ ብቻ እያነበበ፣ በፓተርኑ ላይ ልንሆን የምንችልባቸውን ቦታዎች ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሬጌክስ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ስፈትነው ሌላ ችግር መጣ። ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር አሠራር) ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሲ ወይም ጎ ላይ ባይት በባይት ከሄድኩ «ሰላም» 9 ነገር ይሆንና ሦስት ነጥብ ያለው ፓተርን አይገጥመውም። «ላ*» የባሰ ነው፦ ኮከቧ የምትይዘው የላን የመጨረሻ ባይት ብቻ ስለሆነ «ላላ» ሐሰት ይሆናል። «.*» ግን ምንም ባይት ቢመጣ ስለሚቀበል ያልፋል፤ በእሱ ብቻ የፈተነ ሰው ስህተቱን አያየውም። ጎ ላይ ስትሪንጉን መጀመሪያ ወደ ሩን (ጎ አንድን ፊደል እንደ አንድ ነገር የሚይዝበት ዓይነት) መቀየር ይፈታዋል፤ ፓይተን 3 ከመነሻውም የሚቆጥረው ፊደል ነው። «ሰላም»ና «ሠላም» አንድ እንዲሆኑ ከተፈለገ ጽሑፉንም ፓተርኑንም አስቀድሞ ወደ አንድ ፊደል መመለስ እንጂ ማቸሩ ውስጥ መነካካት አያስፈልግም።

ጃቫ ላይ የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው አንድ ቻር (ጃቫ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ባለ 16 ቢት ክፍል) ስለሚይዙ ኮዱ ደህና ይሠራል። በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን በአንድ ቻር ከሚያዘው ክልል ውጭ ስለተቀመጡ አንዱ ፊደል ሁለት ቻር ይሆናል፤ ነጥቧም ግማሹን ብቻ ትይዛለች። እዚያ ጽሑፉንም ፓተርኑንም መጀመሪያ ወደ ኮድ ፖይንት (ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የሰጠው ቁጥር) አሬይ እቀይራለሁ፤ የቀረው ኮድ እንዳለ ይሠራል።