የሚነዝረው ሞኒተር

የምሠራበት የጤና ተቋም የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ኮንዶሚኒየሙና የጤፍ ማሳው ገና ባልተለያዩበት ሥፍራ ነው። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያዎችን መትከል፣ መፈተሽና መጠገን ነው። በዲፕሎማ የተመረቅሁ ብሆንም ሁሉም «ኢንጂነር» ይለኛል፤ እኔም ከጊዜ በኋላ ማስተባበሉን ትቼዋለሁ። ይህን የማነሣው በዚያ ሳምንት ለደረሰው ነገር ማዕረጉን መልመዴም የራሱ ድርሻ ስለነበረው ነው።

በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዱ ስላነበበው አዲስ ነገር ለባልደረቦቹ ገለጻ ያደርጋል። በጥር ወር ተራው ሲደርሰኝ የመረጥሁት ርዕስ ብርሃን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮኒክስና ለሕክምና ያለው ጥቅም ነበር። የጃፓኑ ተመራማሪ ሂዲዮ ሆሶኖና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ፣ ብርሃን አሳልፎ የሚያሳይ ትራንዚስተር በሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይ መሥራታቸውን ነገርኋቸው። በ2014 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣት ኦክስጅን መለኪያን ከኦርጋኒክ ቁሶች ሠርተው፣ በተለመደው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ፈንታ ቀይና አረንጓዴ በመጠቀም የኦክስጅኑን መጠን በ2 በመቶ ስሕተት መለካት መቻላቸውን ጨመርሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃቸው ግን የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2016 ያሳየው፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚያበራና የሚለካ ስስ ሽፋን ነው። ጠቅላላ ውፍረቱ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር እንኳ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል።

ገለጻው ሲያበቃ ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የመጣችው ሲስተር እጇን አውጥታ «በማን ጣት ላይ ሞክረውት ነው?» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው ቁም ነገር እንዳለው ስለማውቅ፣ በ2020 በአሜሪካ የወጣውን ጥናት ጠቀስሁላት። የጣት መለኪያው ደኅና ነው የሚለው የኦክስጅን መጠን በደም ምርመራ ሲታይ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ድግግሞሽ ነበር። መልስ ሰጥቻት ወደ ቦታዬ ስመለስ በራሴ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ሌሊት ይህችው ሲስተር ተረኛ ነበረች። በሳንባ ምች የተኙ አንድ አዛውንት በንክኪ የሚሠራ ስክሪን ካለው የሕሙማን መከታተያ ሞኒተር ጋር ተያይዘው ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው የኦክስጅን ሳቹሬሽንም፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን፣ በዝቅተኛ ቦታ ከሚለካው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሲስተር የታችኛውን የማስጠንቀቂያ ገደብ 88 በመቶ ላይ አድርጋው ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ በአልጋው አጠገብ ስታልፍ የአዛውንቱን ከንፈር አይታ ቆመች። የኦክስጅን ቱቦው ከአፍንጫቸው ወልቋል። ስክሪኑ 79 ያሳያል፤ ድምፅ ግን የለም። ቱቦውን መልሳ ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣቱን ካረጋገጠች በኋላ ገደቡን ብታይ 70 ላይ ወርዷል፤ የማስጠንቀቂያ ድምፁም ተዘግቷል። አዛውንቱ ምንም አልሆኑም። ያዳናቸው የሲስተር ዓይን ነው እንጂ መሣሪያው አልነበረም።

ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ኢንጂነር፣ ገደቡን እኔ አልነካሁትም» አለችኝ። «ሲስተር፣ መሣሪያ ራሱን አይነካም» አልኋት። ሞኒተሩን ለሩብ ሰዓት ያህል ፈተሽሁት፤ ሁሉም በትክክል ይሠራል። በጥገና መዝገቡ ላይ «የተጠቃሚ ስሕተት» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ዛሬ ያንን ገጽ ስገልጥ የፊርማዬ ትልቅነት ያሳፍረኛል።

ከቀትር በኋላ ግን የሲስተር ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ፤ ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። የዚህ ዓይነቱ ስክሪን መስታወት ባዶ መስታወት አይደለም። በላዩ የተቀባው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ፣ ብዙውን ጊዜ 90 በመቶው የኢንዲየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እንደ መስታወት ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። ምክንያቱም ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ያለው ኃይል በቁሱ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይኛው እርከን ለማንሣት ስለማይበቃ፣ ሳይዋጥ ያልፋል። በዚህ በማይታይ ሽፋን ላይ ጣት ሲጠጋ የኤሌክትሪክ መያዝ አቅሙ ፒኮፋራድ በሚባል እጅግ ጥቃቅን መለኪያ በሚለካ፣ ከዚያም ባነሰ መጠን ይለወጣል፤ መሣሪያው «ተነካሁ» የሚለው ይህቺን ጥቂት ለውጥ አይቶ ነው። ጨው ያለበት ፈሳሽም እንደ ጣት ሊያታልለው ይችላል። ኖርማል ሳላይን ከሚባለው የጨው ውኃ አንድ ጠብታ ስክሪኑ ላይ አድርጌ በጨርቅ ጠርዝ ስጎትተው አንድ ሜኑ ተከፈተ። ወንጀለኛውን ያገኘሁ መሰለኝ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራኋት። ዕድሜዋ ከእናቴ ስለማይርቅ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። «እትዬ፣ ስክሪኑን በበረኪና ውኃ አርጥበሽ ነው የምትወለውዪው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ ልጄ፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቄ ነው። ደግሞም እሱ ዕቃ ይነዝረኛል፤ ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምነካው» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማሁት ጨርቅ የሚለውን ብቻ ነበር። ስክሪኑ ሳይቆለፍ እንዳይጠረግ የሚያዝ ማስታወቂያ ጽፌ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ከአልጋው በላይ ለጠፍሁ። እትዬ ማንበብ ስለማትችል ሲስተር አነበበችላት፤ ያነበበችበት ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ዓርብ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ሰፈሬ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ደረስሁ። ስክሪኑ ደረቅ ነበር፤ ማንም በአጠገቡ አልነበረም፤ ሜኑዎቹ ግን አንድ የማይታይ ሰው እንደሚያንኳኳቸው እየተከፈቱ ይዘጋሉ። ሲስተር አንዲት ቃል ሳትናገር እጆቿን አጣምራ ቆማ ታየኛለች። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ሞኒተሩ ወደ ባትሪ ዞረ፤ በዚያው ቅጽበትም ስክሪኑ ጭጭ አለ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኃይል ሲመጣ ግን ሜኑው እንደገና መዝለል ጀመረ። ሞኒተሩን ለማዞር የብረት ማቆሚያውን በባዶ እጄ ስይዘው፣ ጉንዳን የሄደብኝ ያህል መዳፌን ነዘረኝ።

እትዬ አስቀድማ ነግራኝ ነበር።

አዛውንቱን ወደ ሌላ ሞኒተር አዛውረን ሳበቃ በቴስተር የማቆሚያውን ብረትና የውኃ ቧንቧውን መካከል ለካሁ፤ ወደ 100 ቮልት የሚጠጋ አሳየ። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በኃይል መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ፣ ካፓሲተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚይዙ ትናንሽ ክፍሎች አሉት፤ ካፓሲተሮቹ ከሁለቱም የኃይል ሽቦዎች ወደ አካሉ የተያያዙ ናቸው። ኤሌክትሪሻኖች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ ካለ፣ በእነሱ በኩል የሚሾልከው ጥቂት ኃይል ወደ መሬት ይወርዳል። የመሬት ሽቦው ሲቋረጥ ግን አካሉ ከ220 ቮልቱ ግማሽ በሚሆን ኃይል ላይ ይንሳፈፋል። ኃይሉ ሰው ለመግደል ቀርቶ ለማስጮህም አይበቃም ይሆናል፤ ፒኮፋራድ ለሚቆጥር የመስታወት ሽፋን ግን እንደ ማዕበል ነው። የሚለካበት መነሻ ራሱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ፣ በአጠገቡ ያለውን ሽቦና ብረት ሁሉ እንደ ጣት ሊቆጥር ይችላል።

ሞኒተሩ የተሰካው በአንድ ነጭ ኤክስቴንሽን ላይ ነበር። ፊቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ፈትቼ ሳየው ግን ውስጡ የገባው ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ለመልክ ያህል የተሠራ ነበር። አልጋው ከግድግዳው ሶኬት ስለራቀ ከሱቅ ገዝቶ ያመጣው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ላለፈው አንድ ዓመት በየሦስት ወሩ ስፈትሸው የነበረው ሞኒተሩን እንጂ የተሰካበትን ዕቃ ስላልነበረ፣ መልሱ ወደ እኔ እንደሚዞር አውቄ ነበር።

በግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ብሰካውም ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሰኞ ከግቢው ኤሌክትሪሻን ጋር የመሬት ሽቦው የሚያያዝበት የመሬት ብረት ወደ ተቀበረበት የጓሮ ጥግ ሄድን። የአካባቢው አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ አያስወጣም፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በብረቱ ዙሪያ ያለው አፈር ደርቆ ከመሸሹ የተነሣ ትንሿ ጣቴን ሰድጄ የብረቱን ጎን መንካት ቻልሁ። ብረት ነው እንጂ የመሬት ብረት አልነበረም። ኤሌክትሪሻኑ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ ረዘም ያለ መዳብ ተከለ፤ ከሰልና ጨው በዙሪያው ሞልቶ ውኃ አጠጣው።

የሕክምና መሣሪያዎች ደኅንነት ደረጃ የሆነው አይኢሲ 60601-1 መሣሪያውን በሚነካ ሰው በኩል የሚያልፈው ኃይል በደኅናው ጊዜ ከ100 ማይክሮአምፔር፣ አንድ ብልሽት ሲኖር ደግሞ ከ500 ማይክሮአምፔር እንዳይበልጥ ያዛል። የመሬት ሽቦ መቋረጥም ከእነዚያ ብልሽቶች አንዱ ነው። የሠራው ፋብሪካ ይህን አስቦ ስለሠራው ነው እትዬ በንዝረት ብቻ የተረፈችው። ደረጃው ብልሽቱን የሚያየው እንደሚያልፍ አጋጣሚ ነው፤ እኛ ጋ ግን ብልሽቱ ኑሮ ሆኖ ነበር።

መዝገቡን አውጥቼ «የተጠቃሚ ስሕተት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝሁት፤ ከሥሩ «የመሬት ሽቦ የሌለው ኤክስቴንሽን፤ የደረቀ የመሬት ብረት፤ የጥገና ባለሙያው የምርመራ ጉድለት» ብዬ ጻፍሁና ለሲስተር አሳየኋት። አንብባ ስታበቃ መልሳ ሰጠችኝ። «ያኔ በማን ጣት ላይ ሞከሩት ብዬህ ነበር» አለችኝ፤ «በማን ሶኬት ላይ ማለት ነበረብኝ።»

ማስታወቂያውን ከግድግዳው ላይ ስልጥ እትዬ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ምን ቸገረህ» ብላ አለፈችው። ከዚያ ማንም ሳያዛት በእጇ ጀርባ የሞኒተሩን ማቆሚያ ነካ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

«አሁን አይነዝርም» አለች።

ባልዲዋን አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ በአገጭዋ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አመለከተችኝ። «የዚያኛው ክፍል ፍሪጅም ይነዝራል» አለችኝ። ቴስተሬን ይዤ ተከተልኋት።