የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ ኑ፦ ስለ ግንቦት ሴሚናሮችና ስለ ኮምፒውተር ወርክሾፑ

በትምህርት ክፍላችን መተላለፊያ ላይ፣ ከጸሐፊዋ ቢሮ በር አጠገብ በሚገኘው ሰሌዳ፣ ትናንት አንድ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በግንቦት ወር ሁለት ሴሚናሮችና አንድ የሦስት ቀን የኮምፒውተር ወርክሾፕ እንደምናካሂድ ይገልጻል። ማስታወቂያውን ያዘጋጀሁት እኔ ስሆን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር ካሰፈርሁ በኋላ ዝግጅቱ ለማን እንደሚጠቅምና ካለፉት ጊዜያት በምን እንደሚለይ የምጽፍበት ቦታ አልተረፈኝም። ከትናንት ጀምሮ ሦስት ሰዎች ይህንኑ ስለጠየቁኝ መልሱን እዚህ ሰፋ አድርጌ ማስቀመጥ መርጫለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሰዓቱ ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአውሮፓ ሆነው በኢንተርኔት ንግግር እንዲያደርጉልን የጋበዝናቸው አንድ ምሁር ነበሩ። ማስታወቂያውም የግብዣ ደብዳቤውም «3:00» ብቻ ይሉ ስለነበር፣ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዳራሽ ገብተን ባዶ ስክሪን ስንመለከት እሳቸው ለካ ቀጠሮውን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት አድርገው ይዘውት ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ሲገኙ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው አምስት ሰዎች ነበርን። በዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ «ከጠዋቱ» እና «ከቀኑ» የሚሉት ቃላት ደምቀው የተጻፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሴሚናር በኤክሴልና በመሰል የሒሳብ ሠንጠረዦች ላይ ስለሚፈጠሩ ስሕተቶች ነው። አቅራቢዋ የኢኮኖሚክስ ባልደረባችን ሲሆኑ መነሻ የሚያደርጉት በሙያቸው ውስጥ በሰፊው የሚታወቀውን የካርመን ራይንሃርትንና የኬኔት ሮጎፍን ጉዳይ ነው። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ የበለጸጉ አገሮች ኢኮኖሚ በአማካይ በ0.1 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአምኸርስት የሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ስሌቱን ለክፍል ሥራ ደግሞ ሊሠራው ሲሞክር ውጤቱ አልገጥም አለው። ፋይሉን ከራሳቸው ከምሁራኑ ተቀብሎ ሲከፍተው የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን፣ ማለትም አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጂየምን፣ ካናዳንና ዴንማርክን፣ እንደዘለለ አየ። ይህንንና ሌሎች ያልተስማማባቸውን አሠራሮች ከራሱ መምህራን ጋር አስተካክሎ ሲያሰላው አማካዩ ወደ 2.2 በመቶ ዕድገት ተለወጠ። ራይንሃርትና ሮጎፍ የሠንጠረዡን ስሕተት አምነው በዋናው መደምደሚያቸው ግን ጸንተዋል። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ስሕተቱ ሳይሆን ፋይሉ መገኘቱና መሰጠቱ ነው፤ በእኛ ዘንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ ብዙውን ጊዜ ከተመራቂው ፍላሽ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛውን ሴሚናር የሚያቀርበው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲሆን ርእሱ የአማርኛ ፊደላትን አጻጻፍ ለኮምፒውተር ስለማቀራረብ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ በድምፅ ስለማይለያዩ አንዱ «ዓለም» ሲል ሌላው «አለም» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩም ሁለቱን እንደ ሁለት ቃላት ይቆጥራቸዋል። በዘርፉ የተለመደው መፍትሔ ከስሌቱ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው። አቅራቢው ይህንን በሙሉ ልቡ የሚደግፍ ይመስለኛል፤ እኔ ግን በከፊል እቃወመዋለሁ። «ሰረቀ» ሌባ የሚያደርገው ነው፤ «ሠረቀ» ግን ፀሐይ የምታደርገው ነው፤ ሁለቱን የሚያዋሕድ ፕሮግራም ለፍለጋ ሞተር ሊመች ይችላል፣ የቆየ ጽሑፍ ለሚመረምር ሰው ግን ማስረጃ ያጠፋበታል። ቢያንስ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይነካ በሌላ ዓምድ ሊቀመጥ ይገባል ብዬ አስባለሁ። ክርክሩን አዳራሹ ውስጥ እንቀጥላለን፤ ለዚህም ሲባል የመክፈቻ ንግግር እንዳይኖር ለምነን ተፈቅዶልናል፣ የተረፈው ግማሽ ሰዓትም ለጥያቄ ተመድቧል።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ልለፍ። የምንከተለው የአሠራር ዘዴ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ግሬግ ዊልሰንና ብሬንት ጎርዳ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ለሳይንቲስቶች የፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ሲጀምሩ ሥራውን «ሶፍትዌር ካርፔንትሪ»፣ ማለትም የሶፍትዌር አናጢነት ብለው ሰየሙት። ስሙን እወደዋለሁ፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሳይሆን በር የሚገጥም አናጢ ማፍራት እንደ ማለት ነው። ትምህርቶቹ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽላቸው በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። አሠልጣኙ ስላይድ አያሳይም፤ በፕሮጀክተር ፊት ቆሞ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ ያርማል፤ ሠልጣኙም በራሱ ላፕቶፕ እኩል ይከተለዋል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ይሰጡታል፤ አንደኛውን በላፕቶፑ ክዳን ላይ ሲለጥፍ «ጨርሻለሁ»፣ ሌላኛውን፣ ቀዩን፣ ሲለጥፍ «ተቸግሬያለሁ» ማለቱ ነው። ይህች ወረቀት እንደ እኛ አገር የጠቀመችበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ማለት የሚከብደው ሰው ሁሉ ቀይ ወረቀት ለመለጠፍ አያፍርም።

ይሁን እንጂ ዘዴውን እንዳለ ወስደን ባስተማርንበት ጊዜ አንድ ነገር ጎድሎን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለሁለት ቀናት ያስተማርሁት በአይሪስ አበባ ዳታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሮናልድ ፊሸር ያሳተመው፣ የ150 አበቦችን ልክ የያዘው፣ በመላው ዓለም ያሉ ጀማሪዎች የሚለማመዱበት ዝነኛ ሠንጠረዥ ነው። ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሠራ፣ ሠልጣኞቹም ደስ ብሏቸው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ፣ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ያስተማሩን ነገር በእኔ ፋይል ላይ እንቢ አለኝ» አለችኝ። ፋይሉ በ2013 ዓ.ም. የተወለዱ ሕፃናት የክትባት መዝገብ ነበር።

የልደት ቀኑ ዓምድ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ተሰልፎ ነበር። መዝገቡን የገለበጠችው ቀን፣ ወርና ዓመት በሚለው የእኛ ቅደም ተከተል ሲሆን ኤክሴሉ የተስተካከለው ግን ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 12 የተወለደው ሕፃን፣ 12/4/2013 ተብሎ ሲጻፍ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 4 ቀን የተወለደ ሆነ። የካቲት 13 የተወለደው ደግሞ 13/6/2013 ተብሎ ሲጻፍ 13 ቁጥር ያለው የፈረንጅ ወር ስለሌለ ኤክሴሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ በግራ ተወው፤ ቀን ብሎ የተቀበላቸውን ግን በቀኝ አሰለፋቸው። ከሁሉ የከፋው የጳጉሜን ልጆች ዕጣ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደች ሕፃን 3/13/2013 ተብላ ስትጻፍ ኤክሴሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 አድርጎ ተቀበላት፤ ማለትም በአምስተኛው ቀን ከሚያልቅ ወር አውጥቶ መጋቢት ውስጥ አስገባት። ቅንብሩን ወደ እንግሊዝ አጻጻፍ መለወጥም ሙሉ መድኃኒት አይሆንም፤ ሁለተኛው ወር ለእነሱ ፌብሩወሪ ስለሆነ የእኛን ጥቅምት 29 እና 30 አይቀበልም፣ ጳጉሜንንም ጨርሶ አያውቃትም።

ይህ የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው። ቀኖቹ በሙሉ ቢስተካከሉ እንኳ ኮምፒውተሩ 2013ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚወስደው፣ ጥናቱ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስምንት ዓመት እንደሆነው ተደርጎ ይሰላል። በየዓመቱ ላይ 8 መደመርም አያዋጣም፤ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በ12 ይውላል። ይህንን ሁሉ በእጅ ያሰላ ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። እኔና ተማሪዋ ሁለት ከሰዓት ፈጅተን ከወረቀት መዝገቡ ጋር እያመሳከርን አስተካከልነው፤ ከዚያ ወዲህ የማስተምረው ደንብ ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ፣ በዓምዱ ርእስ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ማመልከት፣ መቀየሩን ደግሞ ለፕሮግራሙ መተው የሚል ነው።

ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ነው የዘንድሮው ወርክሾፕ ሦስተኛ ቀን የተጨመረው። በመጀመሪያው ቀን ተርሚናልን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝበትን መስኮት፣ እናስተምራለን፤ ከሰዓት በኋላ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን፣ በፋይል ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በየደረጃው መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን እንጨምራለን፤ «አማካሪ ያየው»፣ «አማካሪ ያየው አዲሱ»፣ «አማካሪ ያየው አዲሱ 2» የሚሉ ፋይሎች ላፕቶፑን የሞሉበት ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛው ቀን ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ከፕሮጀክተሩ ፊት ይወርድና እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይዞት የመጣውን የራሱን ፋይል ይከፍታል።

የሚያጋጥሙንን ችግሮች አብዛኛዎቹን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጣቸው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት 3.0ኛ እትም ከተካተተ ወዲህ አማርኛ መጻፍ ቀላል ሆኗል፤ ነገር ግን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የተለመደ የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ የተቀመጠን የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) በኤክሴል በቀጥታ ጠቅ አድርገው ሲከፍቱት እያንዳንዱ ፊደላችን የሚይዛቸው ሦስት ባይቶች ለየብቻ ተነበው የማይታወቅ ምልክት ዝርዝር ይወጣል። ያኔ መዝጋት እንጂ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ዳታው አልጠፋም። የሚጠፋው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ የአማርኛ ሠንጠረዥን ከኤክሴል በተራው የሲኤስቪ ምርጫ ያስቀመጠ ሰው ፊደሎቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆኑበታል፣ ከዚያም መመለሻ የለውም። ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምርጫ ከዝርዝሩ ፈልጎ መምረጥ ያስፈልጋል። አረፍተ ነገር መቁጠር የሚፈልጉ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ የተለመዱት መሣሪያዎች የሚፈልጉት የእንግሊዝኛውን ነጥብ እንጂ አራት ነጥብን እንዳልሆነ፣ ብዙ ጸሐፊዎችም በ«።» ፈንታ ሁለት ጊዜ «:» እንደሚመቱ ያያሉ። የስም ጉዳይም አለ፤ ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የአባትን ስም ሲያስቀድም አገሩ ሁሉ በአባቱ ስም ተደርድሮ ይገኛል።

ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ልጨምር። ኢንተርኔቱን አንተማመንበትም፤ የፓይተን መጫኛዎችን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ በፍላሽ ገልብጠን እናድላለን፣ ከወርክሾፑ በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓትም ለመጫን እንድትመጡ እንጠብቃለን። ባለፈው ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን በመጫን ብቻ አልቆብናል። ቻርጀርና ቢቻል ማከፋፈያ ይያዝ፤ መብራት ቢሄድ ጀነሬተሩ ለፕሮጀክተሩና ለአንድ ረድፍ ብቻ ይበቃል። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው አስቀድሞ ይንገረን፤ ከቤተ ሙከራው ስድስት ኮምፒውተሮች ተፈቅደውልናል።

አበል እንዳለ የጠየቁኝ ነበሩ። አበል የለም፤ ሻይና አምባሻ ግን አለ። የምስክር ወረቀትም አናዘጋጅም፤ ይህንን የወሰንሁት እኔ ስሆን ምክንያቴ ባለፈው ጊዜ ወረቀቱን ለመቀበል ብቻ በመጨረሻዋ ሰዓት ብቅ ያሉ ሰዎች ቁጥር ነው። ባልደረቦቼ በዚህ አልተስማሙም፤ ለሥራ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ተማሪ አለ የሚለው መከራከሪያቸውም ሐሰት አይደለም፣ ስለዚህ ሦስቱንም ቀን ለተገኘ ሰው የተሳትፎ ደብዳቤ እንደምጽፍ ተስማምተናል።

ሴሚናሮቹ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ለወርክሾፑ ግን ሃያ አራት ቦታ ብቻ ስላለ በጸሐፊዋ ዘንድ መመዝገብ ያስፈልጋል። ስትመዘገቡ ስለምታመጡት ፋይል በሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን እንደያዘ፣ ስንት ረድፍ እንዳለውና የት ላይ እንዳስቸገራችሁ። የሰዎችን ስምና ስልክ የያዘ ከሆነ እነዚያን ዓምዶች አስቀድማችሁ ሰርዙ። ቦታው ከሞላ በኋላ የሚመጣ ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ በመዝገቡ ውስጥ የጳጉሜን ልደት ያለበት ሰው ከመጣ ግን ወንበር ከሌላ ክፍል አስመጣለታለሁ።