በቀል ከየት መጣ?

«ተበቀለ»ን ከ«በቀለ» ጋር አያይዞ፣ ቂም ልብ ውስጥ እንደ ዘር ስለሚበቅል ነው ማለት ይቀናል። ሥሩ ግን ሌላ ነው። በግእዝ የቡቃያው ግስ «በቈለ» ነው፤ የጠላ ብቅልም ከዚሁ ይወጣል። የቂሙ «ተበቀለ» የሚጻፈው በተለመደው «ቀ» ነው። አማርኛ ላይ «ቈ» ወደ «ቀ» ሲለወጥ ሁለቱ ተመሳሰሉ።

እርባታው ግን እስከ ዛሬ ይለያቸዋል፦ ስንዴ ይበቅላል፣ «ቅ» ላልቶ፤ ደመኛ ይበቀላል፣ «ቀ» ጠብቆ። በቀለ የተባለ ልጅ ስሙ ከቡቃያው ወገን ነው፤ ከደም ጋር አይነካካም።

ሮሜ 12፥19 «በቀል የእኔ ነው» ብሎ «ብድራቱን እመልሳለሁ» ይላል። ብድር ለደግ ሥራም ይመለሳል፤ በቀል የሚመለሰው ለክፉ ብቻ ነው።