የማክሰኞው ገንዘብ የሚሰበሰበው በጥቅምት ነው

አሜሪካ የሚኖር ሰው ታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር ሐሙስ ቀን የሚውለው የምስጋና በዓል) ባለፈ በማክሰኞው ኢሜይሉ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። አንዴ አሥር ዶላር የሰጠው ድርጅት፣ የተማረበት ኮሌጅ፣ የሰፈሩ የውሻ መጠለያ፣ ሁሉም በስሙ እየጠሩ «ዛሬ ለግስ» ይሉታል። ቀኑ ጊቪንግ ቱስዴይ ይባላል። በ2012 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸው፣ ነገሩም የፈረንጅ ነው) ኒው ዮርክ ያለው 92ኛ ስትሪት ዋይ የሚባል የባህል ማዕከል ከተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ጀመረው። ሐሙስ ተበላ፣ ዓርብና ሰኞ ተሸመተ፣ ማክሰኞ ደግሞ ለሰው ይሰጥ ነው ሐሳቡ። ዛሬ ትልቅ ነገር ሆኗል። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዚያች ቀን 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደተሰጠ ተገምቷል።

ከዚህ ውስጥ ትንሽ ለእኛም ትድረሰን ያለው ቦርዳችን ነው። የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ሐበሻ አረጋውያንን በሚረዳ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ሐኪም ቤት እናመላልሳለን፣ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ እናነባለን፣ ፎርም እንሞላለን። አንድ ዓመት የቫናችን ትራንስሚሽን ሄደ። መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺን ከማሠራት ሌላ ግዙ» አለን። ዊልቸር የሚያስገባ ያገለገለ ቫን ለመግዛት 40 ሺህ ዶላር ያስፈልግ ነበር። ነሐሴ ላይ ስብሰባ ተጠራ።

የመጀመሪያው ሐሳብ የተለመደው ነው። አዳራሽ እንከራይ፣ ዘፋኝ እንጥራ፣ ክትፎ ይቅረብ። ችግሩ ማክሰኞው ሁልጊዜ የሚውለው ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ውስጥ ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24) አካባቢ ነው። በየትኛውም ዓመት ቢቆጠር ጾም ላይ ይውላል። ክትፎው እዚያው ላይ ቀረ።

አዳራሹም ቀረ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አዳራሽ ውስጥ ማይክ የያዘው ሰው «አቶ እገሌ፣ አንድ ሺህ ዶላር!» ሲል ጭብጨባው ቤቱን ያናጋዋል። በማግስቱ አቶ እገሌ ስልክ አያነሱም። ክፉ ሆነው አይደለም። ጭብጨባውና ቢራው ቃል ያስገባል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ያስረሳል። ገንዘብ ያዣችን ካለፈው ራት ግብዣ ያልተሰበሰበውን ቃል በፋይል ይዛ መጥታ ነበር። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ስለ አዳራሽ የሚያወራ ጠፋ።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ኮምፒውተር ከሚሠራው የቦርዱ ወጣት አባል ነው። ፔጅ እንክፈት፣ ቪዲዮ እንሥራ፣ ፌስቡክ ላይ እንልቀቅ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማች ያደርጉታል አለ። ማች ማለት አንድ ሰው ዶላር ሲሰጥ ሌላው ዶላር ይደርብበታል ማለት ነው። በነገራችን ላይ በ2018 ፌስቡክና ፔይፓል ለጊቪንግ ቱስዴይ 7 ሚሊዮን ዶላር ማች መድበው ነበር። ጠዋት ተከፈተ፣ በሰከንዶች ውስጥ አለቀ። ይህን ሲሰሙ እስከዚያ ዝም ብለው የነበሩት እትዬ ቀና አሉ።

እትዬ የምንላቸው ለብዙ ዓመት የእድር ጸሐፊ የነበሩ፣ አሁን በፈቃደኝነት የሚያገለግሉን ሴት ናቸው። «ደዋዩ ማነው?» አሉ።

«ፔጁ ነው እትዬ፤ ሰው ሊንኩን ተጭኖ ይሰጣል» አላቸው ልጁ።

«ሊንክ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር አወጡ።

ደብተሩን ቆይቼ በቅርብ አየሁት። በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር። በአንድ መስመር ላይ የሰውየው ስም፣ ስልኩ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ደግሞም «በማን በኩል» የሚል አለ። ፓርኪንግ ጋራዥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚደወልለት። ኤርፖርት ታክሲ የሚሠራው ወረፋ ሲጠብቅ ቢደወልለት ያወራል፤ ተራው ሊደርስ ሲል ግን አይደወልለትም። አረጋዊ የምትንከባከበዋ «እሑድ ብቻ» ተብሎ ተጽፎላታል። አንዱ ስም አጠገብ «ወንድሙ ሞቶበታል፣ እስከ ጥር አይጠየቅ» ይላል። ሌላው ጋ «ሲቆጣ ዝም በሉት፣ ኋላ ይሰጣል»። ይህን ዓይነት መረጃ የሚሸጥ ኩባንያ የለም።

ዕቅዱ እንግዲህ ከደብተሩ ወጣ። ከጥቅምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ሰው ደወለለት። «ማክሰኞ ትሰጣለህ ወይ? ስንት? በስንት ሰዓት?» ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ማክሰኞ ጠዋት የሚለምን አልነበረም፤ «ሰዓቱ ደርሷል» ብሎ የሚያስታውስ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ራሱ አንድ ጣጣ አመጣ። እትዬ ሁሉንም የጻፉት በሐበሻ አቆጣጠር ነበር፣ ልጁ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ በፈረንጅ አስገባው። ደግነቱ በሙከራው ቀን ታወቀ፤ አንዱ ሹፌር በእንቅልፍ ሰዓቱ ተደውሎለት አምቧረቀ።

ቪዲዮውም ተሠራ፣ ልክድ አልችልም። በድሮን የተነሳ፣ ሙዚቃ ያለው፣ ያማረ። ያየው ሰው አደነቀውና አለፈ። ገንዘብ ያመጣው ግን ቫይበር ላይ የተላከች አጭር የድምፅ መልእክት ናት። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የምንወስዳቸው አንዲት እናት ናቸው የተናገሩት። ስንጠይቃቸው እሺ አሉ፤ «ፊቴን ግን አታሳዩ፣ ምስኪንም አታስመስሉኝ» ብለው አስጠነቀቁን። ከዚያ በራሳቸው አማርኛ፣ ልጃቸው ሁለት ሥራ እንደሚሠራ፣ ቫኗ ከቆመች ወዲህ ልጁ ከሥራ እየቀረ እንደሚወስዳቸው ተናገሩ። «እኔን ሳይሆን ልጄን አሳርፉልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ የራሱ እናት ያለው ሁሉ መልእክቷን ለሌላው ላከ። ለልመና ተብሎ የሚነሳ ፎቶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ይህ ውጤት ትንሽ አኩርቶኛል።

ስለ መጠኑም ተከራክረናል። አንዳንዱ «አምስት አምስት ዶላር ከሺህ ሰው» ይላል። ልጁ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራው። በካርድ ሲከፈል የተለመደው ተቆራጭ ከመቶ 2.9 እና በላዩ 30 ሳንቲም ነው። ከ50 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከ75 ይሄዳል። ከ5 ዶላር ላይ 45 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም ከመቶ ዘጠኝ። ከአንድ ዶላር ላይማ ሲሶው ይበላል። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ዲያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ጥሪ ማድረጋቸው ይታወሳል። ያንን በየቀኑ በካርድ የሚከፍል ቢኖር በወር ከ30 ዶላር ወደ አሥሩ መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ በአንዴ ቢከፍል ግን 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም ብቻ። ስለዚህ የምንጠይቀውን 50 አደረግነው። ያልቻለ ያለውን፣ የቻለ ከዚያ በላይ።

ማች የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከራሳችን ተገኘ። የፓርኪንግ ሥራ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። እስከ 20 ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አሉ። ዳይሬክተራችንና እኔ ቢሯቸው ሄድን።

«ዝም ብላችሁ 20 ሺውን ውሰዱና ማች ነው በሉ» አሉ ጋሼ።

«ሕዝቡ ምንም ባይሰጥም ይሰጡናል ማለት ነው?» አለች ዳይሬክተራችን።

«ታዲያስ!»

«እንደዚያ ከሆነ ማች አይደለማ ጋሼ። ሕዝቡን ዋሸነው ማለት ነው።»

እኔ በልቤ ምነው ዝም ብትል አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቷት። «እሺ፣ በየዶላሩ አንድ ዶላር። እስከ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት። የሰጠውን ሰው ዝርዝር ሳላይ ግን ቼክ አልፈርምም» አሉ። ተጨባበጥን።

ማክሰኞ ጥሩ ጀመረ። ቀድመው ቃል የገቡት ገና በጠዋቱ ሰጡ፣ ፔጁ ላይ ባዶ ቁጥር ያየ ሰው አልነበረም። ባዶ ሳህን ላይ ሳንቲም መጣል ማንም አይወድም። እስከ ቀትር ስልኩም ፔጁም አላረፉም። ከዚያ ክፍያውን የሚያስተናግደው ኩባንያ አንዲት መልእክት ላከ። «ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስላየን ሒሳባችሁን ለማጣራት አግደነዋል» ይላል።

ኋላ ምክንያቱ ገባን። ሒሳቡ አዲስ ነው፣ ታሪክ የለውም። በድንገት በሰዓታት ውስጥ ከብዙ ካርድ እኩል እኩል 50 ዶላር ይጎርፍበታል። የተሰረቀ ካርድ የሚሞክር ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለኮምፒውተራቸው እኛና ሌባው አንድ ነን። ስልክ ብንደውል ሙዚቃ አሰሙን። ልጁ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ዳይሬክተራችን ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

እትዬ ደብተራቸውን ገለጡ። «ወረቀቱን ማን ያግደዋል? ደውሉ» አሉ።

ደወልን። ከሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ በዜል፣ ማለትም ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በስልክ በሚላክበት መንገድ ሆነ። ዜል ተቆራጭ የለውም፣ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ሰፈር በቅጽል ስሙ የምናውቀው ሹፌር ባንክ ላይ በማናውቀው ስም ይመጣል። ባል ቃል ይገባል፣ ብሩ በሚስት ስም ይገባል። ገንዘብ ያዣችን መላ መታች። ሰጪው ማስታወሻው ላይ የደብተሩን ተራ ቁጥር እንዲጽፍ አደረገች። 114 ብሎ የመጣ ደብተሩ ላይ 114 ቁጥር ያለው ሰው ነው፣ አለቀ። ባንኩ በቀን ከሚፈቅድለት በላይ መላክ የፈለገ አንድ ሰው ደግሞ ቼክ ጽፎ በታክሲው ይዞልን መጣ፤ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ሰጥቶን ሄደ።

እኩለ ሌሊት ላይ ሕዝቡ የሰጠው 18 ሺህ ተሻግሮ ነበር። የጋራዥ ሌሊት ፈረቃዎቹ ንጋት ላይ ሲወጡ ጨመሩበት፤ እነሱ ግን ከማቹ ሰዓት ውጪ ሆኑ። የጎደለውን በታኅሣሥ ሞላነው። የታገደውን ገንዘብም ኩባንያው አጣርቶ ለቀቀው።

ረቡዕ ለመሥሪያ ቤታችን ከማክሰኞ ይበልጥ አድካሚ ቀን ነበር። የደወለው ሰው ራሱ መልሶ እየደወለ አመሰገነ። እዚህ አገር 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከሌለው ከታክሱ ላይ ማስቀነስ አይችልም። ፔጁ ደረሰኝ በራሱ ይልካል፣ ዜል ግን አይልክም። ስለዚህ ለያንዳንዱ በእጃችን ጻፍን። በሚቀጥለው ዓመት ለክፍያ ኩባንያው አስቀድመን ቀኑንና የምንጠብቀውን መጠን ነገርነው፤ ሒሳቡንም ከመስከረም ጀምረን ትንሽ ትንሽ ተጠቀምንበት። ዜሉ ግን ከመጀመሪያው ፔጁ ላይ ተጻፈ። ልጁ የእትዬን ደብተር ወደ ኮምፒውተር ልገልብጠው ብሎ ለመናቸው። «ገልብጥ፣ እርሳሱን ግን አልተውም» አሉት።

ሐሙስ ዕለት ዝርዝሩን ይዘን ጋሼ ጋ ሄድን። የምር አነበቡት። በጣታቸው እየተከተሉ፣ በየመስመሩ። የሚያውቁትን ሲያገኙ «ኧረ! ይሄም ሰጠ?» ይላሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። የባለቤታቸው ስም ነው፤ 200 ዶላር።

«ይሄ የእኔ ብር እኮ ነው» አሉ።

«የእሳቸው ስም ነው የተጻፈው ጋሼ» አለች ዳይሬክተራችን።

«አንዴ የሰጠሁትን ደግሜ ልሰጥ ነው?»

«በየዶላሩ አንድ ዶላር ብለዋል።»

ለእኔ ምስክር ሁን የሚሉ ይመስል ወደ እኔ ዞሩ። ጣሪያውን አየሁ። ጋሼ ስልካቸውን አንስተው ሚስታቸው ጋ ደወሉ፣ ትንሽ አዳመጡ፣ ምንም ሳይናገሩ ዘጉት። ከዚያ የቼክ ደብተራቸውን ሳቡና ጻፉ። መኪና ውስጥ ስንገባ ቼኩን ከዝርዝሩ ጋር አስተያየነው። 200ዋ አለችበት።