ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር፦ ድንጋይ ላይ የተጻፉ ቀኖች

ይህን የሐውልቶች የእግር መንገድ ሁልጊዜ ከስድስት ኪሎ ጀምሬ ወደ ለገሃር ነው የምሄደው። ምክንያቱ ታሪክ ሳይሆን ጉልበት ነው፤ በዚህ አቅጣጫ ከሞላ ጎደል ቁልቁለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተነሳ፣ እየቆመም ቢሄድ፣ የቀትር ፀሐይ ሳይጠናበት ይጨርሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት፣ ድንጋይ ላይ ያሉትን ቀኖች ለማንበብ፣ የግዕዝ ቁጥር ተለማመዱ። ፲፱፻፳፱ን ውሰዱ። ከ፻ በፊት ያለው ይባዛል፣ ከኋላው ያለው ይደመራል፤ 19 መቶ ከ29፣ ማለትም 1929። ዜሮ የሚባል ምልክት የለም። ሰው የሚሳሳተው ፮ን ከ፯፣ ፷ን ከ፸ ሲለይ ነው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ወይም አቧራ ከሞላው ጠጋ ብሎ ከጎን ማየት ይሻላል። ወደ ፈረንጅ ዘመን ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። በጅምላ 8 የሚደምር ሰው የመስከረምና የጥቅምት ሐውልቶች ላይ አንድ ዓመት ይስታል።

ስድስት ኪሎ። የየካቲት 12 ሐውልት 28 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሠሩት ዩጎዝላቮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ብዙ ሰው ቁመቱን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኔ ግን ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ እንድትዞሩ ነው የምመክረው፤ የነሐሱ ቅርጽ ላይ ወታደሮቹ፣ የወደቁት ሰዎችና ሐዘንተኞቹ የሚታዩት ከቅርብ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ታረደ። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው።

ቦምቡ የተወረወረው ግን ሐውልቱ የቆመበት ቦታ ላይ አይደለም። ለድሆች ምጽዋት ይታደል የነበረው እዚያው አጠገብ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃልና ያዙ። ግቢው ውስጥ፣ ሙዚየሙ አጠገብ፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ቁጠሩት፤ 14 ነው። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ሠሩ። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ማፍረስ ይቻል ነበር፤ አንበሳ ማስቀመጡ ግን የበለጠ ሳያሳፍራቸው አይቀርም።

አራት ኪሎ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መኪናው አያስቆምም። የሐውልቱን ቀን ግን ያዙት፦ ሚያዝያ 27። በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚህ ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ሲመለሱ የገቡት በዚሁ ቀን። አምስት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይዛነፍ። ፎቶ ስታነሱ ካሜራውን ወደ ቤተ መንግሥቱ አጥር አታዙሩ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ መንገድ ከጠየቃችሁ “ከእገሌ ኬክ ቤት ፊት ለፊት” የሚለውን አትመኑ። ከ2016 የኮሪደር ልማት ወዲህ ብዙው ምልክት የለም። ጊዮርጊስን ጠይቁ፤ እሱ አልተነሳም።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። እዚህ አንድ የቀን ወጥመድ አለ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጅ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ስህተት የሠራ የለም። ፈረንጆች በእነሱ 1900 ፌብሩዋሪ 29ን ትተው አንድ ቀን ሲዘሉ እኛ አልዘለልንም፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው። መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሲጋጭባችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ አቡነ ጴጥሮስ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ተረሸኑ። ሐውልታቸው ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነስቶ በብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ተመለሰ። አደባባዩ እንደገና ስለተሠራ የድሮ ፎቶ ይዞ ቦታውን ለማስተካከል የሚሞክር ይደክማል።

ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ስትወርዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ትግላችን ሐውልት ይታያል፤ 50 ሜትር ያህል ቁመት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ። ሰሜን ኮሪያዎች ሠርተውት በ1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ላይ ተመረቀ። አብዛኛው ሰው የደርግ ማስታወሻ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን በኦጋዴን ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ታገኛላችሁ፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሡ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ የሠራው። ከለገሃሩ አንበሳ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። የለገሃሩ ነሐስ ነው፣ ዘውድ ደፍቷል፤ ጣሊያን ሮም ወስዶ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱ ወታደሮቹ ከተሠራው ሐውልት ሥር አቁሞት ነበር፤ እዚያው ሮም ጣሊያኖችን በጎራዴ የተጋፈጠው ዘርዓይ ደረስም ስሙ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነሳል። የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው።

አንበሳውን በፎቶ ለማንሳት የጠዋት ብርሃን ካለፋችሁ፣ ዞር ብላችሁ የባቡር ጣቢያውን ፊት አንሱ፤ እሱ ከሰዓትም ያምራል። ወደ ላይ መመለሻው ታክሲ ነው፤ የአራት ኪሎን ጥሪ አዳምጡ።