ርካሽ የሱፐርማርኬት ፓስቲ ያዋጣል ወይ? ለእማማ ከመግዛቴ በፊት ማን በነገረኝ

ፓስቲ ስል የኛን ሰፈር በዘይት የሚጠበሰውን፣ ጠዋት በሻይ የምንበላውን ማለቴ አይደለም። እኔ ያለሁት እንግሊዝ አገር፣ ፕሊማውዝ ነው፣ እዚህና የቴማርን ወንዝ ተሻግሮ ኮርንዋል ውስጥ ፓስቲ ማለት የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚሉት ቢጫ ሥራ ሥር በሊጥ ታጥፎ ኦቨን የሚገባ ነገር ነው። ትልቅ ሳምቡሳ በሉት፣ ዘይት ውስጥ ያልገባ። የማታ ሺፍት ስለምሰራ ስገባ ምግብ መስራት አልችልም፣ ስለዚህ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከሱፐርማርኬት ፍሪጅ እየገዛሁ ኖሬያለሁ፣ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውንም በደንብ ቆጥሬዋለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንዱን ዋጋ አትዩ፣ ጀርባው ላይ ቢፍ (የበሬ ሥጋ) ከሚለው ጎን ያለውን ፐርሰንት እዩ። እኔ የለመድኩት 1 ፓውንድ ነበር፣ 150 ግራም፣ ሥጋው 9 ፐርሰንት። ይሄ ማለት 13 ግራም ተኩል ሥጋ ነው፣ አንድ ጉርሻ እንኳን አይሞላም! ሥጋውን ብቻ ብትቆጥሩት ኪሎው ከ70 ፓውንድ በላይ መጣ ማለት ነው፣ ጥሬ የበሬ ሥጋ እዛው ሱቅ ውስጥ በ10 እና በ12 ፓውንድ እየተሸጠ። 2 ፓውንድ ከ20 የሆነው 250 ግራም ባለ 18 ፐርሰንቱ 45 ግራም ሥጋ አለው፣ ኪሎው ወደ 49 ይወርዳል፣ እና አንዱ ያጠግባል፣ ርካሹን ግን ሁለት ካልበላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ኮርኒሽ፣ የኮርንዋል ማለት ነው፣ የሚለው ስም ደግሞ ዝም ብሎ ማስታወቂያ አይደለም፣ ከ2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ኮርንዋል ውስጥ መሰራት አለበት፣ ሥጋው ከ12.5 ፐርሰንት አትክልቱ ከ25 ማነስ የለበትም፣ ጠርዙም የሚታጠፈው በጎን በኩል ነው። ኮርኒሽ ሳይል ቢፍ ፓስቲ ብቻ የሚለውን ይሄ ደንብ አይመለከተውም፣ እኔ ልዩነቱን ሳላውቅ ነው ስንት ወር የገዛሁት።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ነው የከሰርኩት፣ ገንዘብ ይመለሳል። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው።

በቤተክርስቲያን የምንቀርባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ ቆመው መስራት አይችሉም። እኔ ሱቁ ማታ ሲዘጋጋ ቀኑ ሊያልፍ ሲል ዋጋው ተቀንሶ ቢጫ ስቲከር የተለጠፈበትን በ35 ፔንስ እየለቀምኩ ፍስክ በሆነ ቀን ሁለት ሁለት እወስድላቸዋለሁ፣ ደስ እያላቸው ይበላሉ፣ “ልጄ እግዚአብሔር ይስጥሽ” ይሉኛል። ሥራ ቦታ የምግብ ንጽሕና ስልጠና ስንወስድ አሰልጣኟ “የደመቀውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ዋናው እሱ ነው” ብላን ነበር፣ እኔም ሁሌ የደመቀውን ነው የማየው፣ ስንዴ አለ፣ ወተት አለ፣ እሺ። ፊት ለፊቱ ቢፍ ይላል፣ የበሬ ሥዕል አለው፣ ሌላ ምን ልጠርጥር?

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የእማማ የልጅ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማሸጊያውን አንስታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስንዴ፣ ድንች፣ ቢፍ፣ ውሃ፣ ላርድ። “ላርድ ምንድነው?” አለች። እኔም አላውቅም ነበር፣ ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩት። የአሳማ ስብ ነው። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው አንዱን ግማሽ በልተዋል።

አማተቡና ፓስቲውን ሳህኑ ላይ መለሱት፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያ ዝምታ እስካሁን አልወጣልኝም። ለስንት ሳምንት እንዳበላኋቸው እኔም እሳቸውም በልባችን እየቆጠርን ነበር። በኋላ ለነፍስ አባታቸው ነገሩ፣ ሳያውቁ ነውና እንዳይጨነቁ ብለው አጽናኗቸው፣ እኔንም “አንቺ ምን ታደርጊ፣ የጻፉት እነሱ” አሉኝ፣ ግን እኮ ተጽፏል! እኔ ነኝ ያላነበብኩት፣ በሰው እጅ የሚበላ ሰው አምኖኝ።

የሆነውን ስረዳ ይሄ ነው። የሚደምቀው አለርጂ የሚያመጣ ነገር ብቻ ነው፣ ሕጉ የዘረዘራቸው 14 ናቸው፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ እያለ ይሄዳል። አሳማ ከ14ቱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ከውሃና ከጨው እኩል በደቃቁ ተጽፎ ያልፋል። ለእኛም ለሙስሊም ወንድም እህቶቻችንም፣ ለአይሁድም፣ ከምንም በላይ ማወቅ ያለብን ነገር አይደምቅም ማለት ነው። ሱቁ ጋ ደወልኩ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሙዚቃ አሰምተውኝ የወጣችው ልጅ “ኢንግሪዲየንቱ ላይ አለ፣ እኛ ሕጉን አሟልተናል” አለችኝ፣ ፊት ለፊቱ ላይ አሳማ አለበት ብትሉስ ስላት የ5 ፓውንድ ቫውቸር ልላክልሽ አለች። ቫውቸር ፈልጌ ነው እንዴ የደወልኩት? አልቀበልም አልኳት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው ላሉኝ ደግሞ ኢሜይል ጻፍኩላቸው፣ የሐሰት ነገር ስላልተጻፈ ጥፋት የለም የሚል ሁለት መስመር መለሱልኝ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሕጉን ያሟላ ነገር ሰው ሊያሳስት አይችልም ያለው ማነው?

ስለዚህ የአሰልጣኟን ምክር እርሱት፣ ያልደመቀውን አንብቡ። ላርድ ወይም ፖርክ (የአሳማ ሥጋ) ካለ አስቀምጡት። ሁሉም ላርድ የለበትም፣ በቅቤ፣ በማርጋሪን ወይ በፓልም ዘይት የሚሰሩ ብዙ አሉ፣ ግን በአንዱ ሱቅ አይታችሁ ሌላውን አትመኑ። ለጾም ደግሞ አትክልት የሚለው አያታልላችሁ፣ ቅቤና ወተት ያለበት ሞልቷል፣ ቪጋን፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር የሌለበት ማለት ነው፣ የሚለውን ፈልጉ። ለሥጋው ብላችሁ ካልገዛችሁ የቪጋኑ ዋጋ አይከፋም ባይ ነኝ፣ ድንችና ሽንኩርት ነኝ ብሎ ነው የሚሸጠው።

ፊት ለፊት ያለውን ጨውና ስቡን የሚያሳይ ባለቀለም ምልክትም ብዙ አልሰማውም፣ ከገዛኋቸው አንዱ ጨውና ስቡን የግማሽ ፓስቲ ብቻ አድርጎ ነበር የጻፈው፣ ግማሽ በልቶ የሚነሳ ማን አለ? ማሸጊያው በገዛችሁበት ቀን ፍሪዝ አድርጉ ቢልም ዩዝ ባይ የሚለው (እስከዚህ ተጠቀሙ የሚለው የመጨረሻ) ቀን እስካላለፈ ድረስ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል፣ ቢጫ ስቲከሩ የሚያዋጣው በዚህ ነው። ለአንድ ፓስቲ ብቻ ኦቨን 25 ደቂቃ ማብራት ግን በኔ ቆጣሪ 20 ፔንስ አካባቢ ይበላል፣ በ35 ፔንስ ገዝታችሁ። በሙቀት ከሚያቆዩበት መደርደሪያ ትኩሱን ስትገዙ ደግሞ 20 ፐርሰንት ቫት አለበት፣ ቀዝቃዛው የለበትም።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ራሴ እሰራለሁ። ግማሽ ኪሎ ሥጋ 6 ፓውንድ፣ አትክልቱ 1 ከ50፣ ዱቄትና ቅቤው 2 ከ50፣ በ10 ፓውንድ ስድስት ትልልቅ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ውስጥ ከ80 ግራም በላይ ሥጋ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሊጡም በመጀመሪያው ቀን ተሰነጣጥቆብኝ ነበር፣ ግን እንደ ሳምቡሳ ጠርዙን ጥብቅ አድርጌ ስይዘው ቆመ። ሥጋውን ጥሬውን ነው የምከተው፣ ኮርንዋሎቹም እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ ውሃው ድንቹ ውስጥ ገብቶ ይጣፍጣል። ሦስቱ የእማማ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ቀን ትንሽ አመነቱ፣ የገባውን አንድ በአንድ ስቆጥርላቸው ቆረሱ። ፍሪጃቸው ላይ ላርድ፣ ፖርክ፣ ጀላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌላቸዋለሁ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ከጎኑ ያቺ ልጅ ናት የጻፈችው፣ ሌላ ሰው ምግብ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እዛ ያቆሙታል።